በኪሮሽ የአሻንጉሊት ልብስና የጣት አሻንጉሊት የምትሰሩ ወሎየዎች እስኪ ብቅ በሉ

የጦሳ ስር፦

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደት ከረማችሁ። ደሴ ነኝ፣ ዳንቴል ከእናቴ ነው የተማርኩት፣ የሶፋ ልብስ የትሪ መሸፈኛ የአልጋ ልብስ እየሰራሁ ነው ያደግሁት ስለዚህ ኪሮሽ መያዝ ብርቄ አይደለም፣ ግን አሁን የገባሁበት ነገር ሌላ ሆነብኝ። የአምስት አመት ልጄ አክስቷ ከአረብ አገር የላከችላት ያቺ ቀጭን ረጅም አሻንጉሊት አለቻት፣ ልብሷ ወዲያው ተበጣጠሰና እርቃኗን ይዛት ትዞራለች፣ "እማየ ብርድ መታት እኮ" ትለኛለች፣ የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እና ቀሚስና ሹራብ ልሰራላት ብየ ጀመርኩ። ከዩቲዩብ አይቸ ሴትዮዋ ያለችውን ቁጥር አንድም ሳላጎድል ነው የሰራሁት፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ ሁለት አሻንጉሊት የሚያስገባ ሆኖ አረፈው። ክሩ ነው ኪሮሹ? የያዝኩት 3 ሚሊ ነው፣ ክሩ ተራው የሹራብ ክር።

ሌላው ደሞ ኬጂ የምታስተምር ጓደኛየ ለተረት ሰአት ጣት ላይ የሚጠለቁ ትንንሽ እንስሳት ስሪልኝ ብላኛለች፣ አንበሳ ጦጣ ጅብ ምናምን። ጭንቅላቱን ክብ አድርጌ ስሞላው በየቀዳዳው ነጭ ጥጥ ብቅ ብቅ ይላል፣ ደስ አይልም። ትንሹ ልጄም ገና አመት ከመንፈቁ ነው፣ የእህቱን እቃ ሁሉ ቀምቶ ወደ አፉ ነው የሚሰደው፣ አይናቸውን በምን ልስራው? ቁልፍ ስፊበት ያለኝ ሰው አለ እኔ ግን ልቤ አልወደደውም። ቀጭን ባለቀለም ክርስ ደሴ ላይ ከየት አካባቢ ትገዛላችሁ? የምታውቁ አትንፈጉኝ፣ ፈጣሪ ይስጣችሁ።

እሙ ኢክራም፦

አብሽሪ እህቴ፣ ኮምቦልቻ ነኝ ለሰፈር ልጆች የአሻንጉሊት ልብስ ብዙ ሰርቻለሁ እና የማውቀውን ልንገርሽ። መጀመሪያ የቪዲዮውን ቁጥር እርሽው። የሴትዮዋ ክር ሌላ ኪሮሿ ሌላ እጇም ሌላ ነው፣ አንዷ ጠበቅ አንዷ ላላ አርጋ ነው የምትሰራው፣ ስለዚህ የሷ 30 ስቲች (አንድ አንዷ የኪሮሽ ቋጠሮ) ካንቺ 30 ጋር በሴንቲ ሜትር አይገናኝም። ለሰው ልብስ ቢሆን ትንሽ ቢሰፋም ይለበሳል፣ ለአሻንጉሊት ግን አንድ ሴንቲ ማለት ብዙ ነው።

አሻንጉሊቷን ራሷን ለኪያት። ሜትር አይጠመዘዝላትም፣ ክር ዙሪያዋን አዙሪና ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርጊው፣ ደረቷን ወገቧን ዳሌዋን ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውን ጻፊ። ከዛ በምትሰሪበት ክርና ኪሮሽ 15 ስቲች የሚሆን ትንሽ ቁራጭ ሰርተሽ አስር ዙር ያህል ከፍ አርጊውና መሀል ላይ ያሉትን 10 ስቲች ለኪ፣ ዳር ዳሩ ስለሚሳሳብ አይታመንም። 10 ስቲች 4 ሴንቲ ከሆነልሽ ለአንድ ሴንቲ ሁለት ተኩል ስቲች ማለት ነው። ወገቧ 9 ሴንቲ ከሆነ ለመንቀሳቀሻ አንድ ጨምረሽ 10 በይው፣ 25 ስቲች ያስፈልግሻል። በቃ ይሄን ካወቅሽ ከማንም ቪዲዮ ቁጥር ሳትጠብቂ የፈለግሽውን ትሰሪያለሽ።

ክሩ ላይ ደግሞ፣ ወፍራሙ የሹራብ ክር ለዛች ቀጭን አሻንጉሊት አይሆንም፣ ቀሚሱ እንደ ምንጣፍ ይገተራል እንጂ አይወርድም። የዳንቴሉን ቀጭን ክር አምጭው፣ ዲኤምሲ የሚባለው ማርክም ሌላም ይሁን፣ ኪሮሹ 1.5 ወይ 2 ሚሊ። ስትገዢ ከኪሮሹ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን እይ፣ የብረቶቹ ቁጥር በየፋብሪካው ስለሚለያይ ያሳስትሻል።

አሁን ቀሚሱን እንደት እንደምጀምር ልንገርሽ፣ 29 ሴንቲ ቁመት ላላቸው ለነዛ ቀጫጭኖቹ ነው፣ ከላይ ባልኩሽ ልክ ማለትም 10 ስቲች 4 ሴንቲ ሲሆን። ከአንገት ወደ ታች ነው የምሰራው። 24 ሲንግል (አጭሩ ስቲች) እጀምራለሁ፣ 4ቱ ለግማሽ ጀርባ፣ 4ቱ ለእጅጌ፣ 8ቱ ለፊት፣ 4ቱ ለእጅጌ፣ 4ቱ ለሌላኛው ግማሽ ጀርባ። አራቱ ድንበሮች ላይ ሌላ ቀለም ክር አስሪ። ከዛ በየመስመሩ ድንበሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትጨምሪያለሽ፣ በአንድ መስመር 8 ይጨምራል ማለት ነው፣ ሶስት መስመር ስትሰሪ 48 ይሆናል። አሁን 7 ለጀርባ፣ 10 ለእጅጌ፣ 14 ለፊት፣ 10 ለእጅጌ፣ 7 ለጀርባ ሆኗል። እጅጌዎቹን 10 10 ዝለያቸውና በቦታቸው በብብት በኩል ሁለት ሁለት ሰንሰለት ሰርተሽ ቀጥይ፣ ሰውነቱ 32 ሆነ፣ ይሄ በሴንቲ ሲመታ 13 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ የአሻንጉሊቷ ደረት እዛው አካባቢ ነው፣ ያንቺን ለክተሽ ካነሰ ከብብት ያለውን ሰንሰለት ሶስት ሶስት አርጊው። ወደ ወገብ ስትወርጅ ቀስ እያልሽ ወደ 25 ቀንሺው፣ ከወገብ በታች ደግሞ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሁለት ደብል (ረዘም ያለው ስቲች) ክተቺ፣ 50 ሆኖ ሽንሽን ብሎ ይወርድልሻል።

ዋናው ነገር ግን ጀርባውን ክፍት ተይው! በጭንቅላቷ አይገባም ያ ሁሉ ጸጉር አለ፣ ከእግሯም ወደ ላይ ስትጎትችው ዳሌዋ ከወገቧ ይሰፋል ይይዛል። እንደ ወረቀት ወዲያና ወዲህ እየተመላለስሽ ስሪና ዳሌዋን አልፎ ሲወርድ ብቻ ዙር አገጣጥሚው። መዝጊያው ላይ ቬልክሮ (ያ ተጣብቆ የሚላቀቀው) አትሰፊ፣ ክሩን እየነከሰ ያወጣዋል። እኔ በአንድ በኩል ትንሽ የሰንሰለት ቀለበት አወጣና በሌላው በኩል ከዛው ክር ድብልብል ቋጠሮ እሰራለሁ፣ ልጅቱ ራሷ እየከፈተችና እየዘጋች ታለብሳታለች። የአምስት አመት ልጅ ጨዋታው ማልበስና ማውለቁ ነው፣ ልብሱ ቆንጆ ሆኖ እናቷን ሳትጠራ የማታለብሰው ከሆነ ትተወዋለች።

የሐይቅ ዳር፦

እሙ ኢክራም ስለ ልብሱ ጨርሳዋለች እጅሽ ይባረክ፣ እኔ ስለ ክቡ ጭንቅላት ልበል። ጥጡ የሚታየው ኪሮሹ ለክሩ ትልቅ ስለሆነ ነው። በሹራብ ክር ሹራብ ስትሰሪ 3 ወይም 4 ሚሊ ጥሩ ነው፣ የሚሞላ ነገር ስትሰሪ ግን በዛው ክር ወደ 2.5 ወይም ከዛ በታች ውረጅ፣ እጅሽን ትንሽ ያደክምሻል ግን ቀዳዳው ይጠፋል። ጨርሰሽ ከመሙላትሽ በፊት ጣትሽን አስገብተሽ ወደ ብርሀን አሳይው፣ ጣትሽ በግልጽ ከታየ ጥጡም ይታያል ማለት ነው።

እና ደሞ የቱን ወደ ውጭ አርገሽ ነው የምትሰሪው? ሲንግል በዙር ሲሰራ ፊቱና ጀርባው አንድ አይደለም፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ ቪ ቪ የሚመስሉ ይታያሉ፣ ጀርባው ላይ አግድም ጭረት አለ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ጀርባውን ወደ ውጭ አርጎ ይጨርሳል። ቪዋ ያለችበትን ወደ ውጭ አርጊው፣ ንጹህ ነው።

ዙሩንም በየማብቂያው አታገናኝው እንደ ቀንድ አውጣ እየተጠመዘዘ ይሂድ፣ ካገናኘሽው ከኋላው ጠባሳ የመሰለ መስመር ይወጣል። የዙሩ መጀመሪያ እንዳይጠፋሽ መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ በየዙሩ አንሽው። ማጂክ ሪንግ (ሲሳብ የሚጠብቅ የክር ቀለበት) ውስጥ 6 ሲንግል፣ ሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ሁለት 12፣ ሶስተኛው 18፣ አራተኛው 24፣ ከዛ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አራት አምስት ዙር፣ ከዛ 18፣ ከዛ 12፣ እዚህ ላይ ሙይው፣ ከዛ 6 አርገሽ ዝጊው። ስትቀንሺ ሁለቱን ስቲች ከፊት ከፊቱ ያለውን ክር ብቻ አንስተሽ አንድ ላይ ሳቢው፣ ሙሉውን ካነሳሽ እዛጋ ቀዳዳ ትከፍታለሽ። ይቺ ነገር ብቻዋን ስራሽን ትቀይረዋለች።

መሙያ ጥጥ አልወድም፣ ሲታጠብ ድቡልቡል ይሆናል፣ ክረምት ላይ ደግሞ እኛ አገር ውስጡ ሳይደርቅ ይሸታል። አሮጌ ትራስ ፈትተሽ ያንን ነጭ ፋይበር አጥበሽ ተጠቀሚ፣ ቶሎ ይደርቃል። ትንሽ ትንሽ እየበጣጠስሽ በኪሮሹ ጭራ ግፊው፣ በአንዴ ጓል አርገሽ ከከተትሽው ጎባጣ ነው የሚሆነው። የክር ቁርጥራጭ መሙላትም ይቻላል ግን ነጭ በግ ውስጥ ጥቁር ክር እንዳታረጊ ያሳብቃል።

ክር ተወደደ ለምትሉ ደግሞ፣ ሳልባጅ ተራ ሂዱና ሹራብ ምረጡ። ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ፣ ጎኑ በኦቨርሎክ (የጠርዝ መስፊያ ማሽን) ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ተዉት በየመስመሩ ብጥስጣሽ ነው የምታገኙት። ጎኑ በክር ብቻ የተያያዘውን አንሱ፣ ስፌቱን ፈትታችሁ ከላይ ከአንገቱ ስትተረትሩት አንድ ወጥ ሆኖ ይመጣል። የተኮማተረውን ክር ወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልላችሁ አራት ቦታ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውሃ ንከሩት፣ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁ ስታደርቁት ቀጥ ይላል። ከአንድ የአዋቂ ሹራብ ስንት እንስሳ ይወጣል መሰላችሁ።

ክር አይጠፋም፦

እኔ ሁሌም ቁልፍ ነው የምሰፋው አይን ላይ፣ በናይለን ክር አራት አምስት ጊዜ አመላልሸ ስለምሰፋው የወለቀ የለም። በክር የተጠለፈ አይን ህይወት የለውም ብየ ነው፣ ቁልፍ ብርሀን ሲያገኝ ያበራል ልጆችም ይወዱታል። ለትልልቅ ልጆች ምን ችግር አለው?

የህጻናት ክፍል፦

ክር አይጠፋም እህቴ ለትልልቆቹ ልክ ነሽ፣ ግን ጠያቂዋ ቤት አመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ አለ። የትልቋ አሻንጉሊት የትንሹም ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። ስራየ ህጻናት ክፍል ነው እና ይሄን በጣም አስባችሁበት እንድትሰሩ እለምናችኋለሁ። ናይለኑ አይበጠስ ይሆናል፣ ቁልፉ የተሰፋበት የሹራብ ክር ግን ሲታኘክ ይላላል፣ በምራቅ የራሰ ነገር ቀን በቀን ሲሳብ ቁልፉ ከነናይለኑ ይወጣል። ከሶስት አመት በታች ላለ ልጅ ስፋቱ ሶስት ሴንቲ ምናምን በሆነ ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ትንሽ እቃ ነው የሚባለው፣ የመጫወቻ ፋብሪካዎች የሚፈትሹበት ሲሊንደር 3.17 ሴንቲ ነው። ቤት ውስጥ የሶፍት መጠቅለያ ካርቶኑን ውሰዱ፣ እሱ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ በሱ ውስጥ ያለፈ ማንኛውም ክፍል ለህጻን አይሰጥ። ፕላስቲኮቹ ከኋላ የሚቆለፉት አይኖችም "ሴፍቲ" ስለተባሉ አትመኑባቸው፣ ለነዚህ ልጆች አይመከሩም።

አይኑን በጥቁር ክር ጥለፉት። ክሩን ከጭንቅላቱ ሳይሞላ በፊት ከውስጥ አስነሱት ቋጠሮው ውስጥ ይቅር። አንድ ነጥብ ነጭ ክር ከጥቁሩ ጥግ ላይ ብትጨምሩበት ያው ብርሀን የያዘ ይመስላል፣ ክር አይጠፋም ይቺን ሞክሪያት። ጆሮና ጭራ ደግሞ ለብቻ ሰርታችሁ ስታያይዙ ዙሪያውን በሙሉ ስፉት በአንድ ነጥብ አታንጠልጥሉት። ረጅም ማሰሪያ ወይ ክር ያለው ነገር አልጋ ውስጥ አይግባ፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል። የጣት አሻንጉሊቱ ራሱ እኮ ሙሉው ትንሽ እቃ ነው፣ ለመምህሯ ጣት እንጂ ለህጻኑ አይሰጥም። ለትንሹ ልጅሽ ከፈለግሽ ትልቅ አርገሽ ስሪለት፣ ጡጦ የሚያክል።

ክር አይጠፋም፦

እሽ የኔ እህት ተቀብያለሁ፣ ለህጻናቱ ከዛሬ ጀምሮ ጥልፍ ነው። የነጭ ነጥቧን ነገር ደሞ ወደድኳት።

አንጋፋዋ የወሎ ሴት፦

ልጆቸ እንደምን አላችሁ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እናንተ ስትነጋገሩ ደስ አለኝ። በኛ ጊዜ ከሱቅ የሚመጣ አሻንጉሊት አልነበረም፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይዘን የጨርቅ ቁራጭ አልብሰን ከላይ ሻሽ አስረን "ሙሽራየ" እያልን ነበር የምንጫወት። የበቆሎውን ጸጉር ሹሩባ እንሰራዋለን። አሁን እኔ ለልጅ ልጆቸ የምሰራው ያንኑ ነው በኪሮሽ።

የጦሳ ስሯ ልጄ፣ ለልጅሽ አሻንጉሊት የሀበሻ ቀሚስ ስሪላት። እኒያ ከውጭ የሚመጡት የሚለብሱት ልብስ ልጆቻችን አያቶቻቸው ላይ አይተውት የማያውቁት ነው። በነጭ ቀጭን የዳንቴል ክር ኮምቦልቻ ያለችዋ ልጅ እንዳለችሽ አርገሽ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አውርጅው፣ እጅጌውን ረጅም አርጊው። ከደረቱ ወደ ታች የሚወርደውን ጥለት በኪሮሹ ውስጥ አታስገቢው ይበላሽብሻል፣ ልብሱ ካለቀ በኋላ በመርፌ በላዩ ላይ ጥለፊው፣ አረንጓዴ ቢጫ ወይንጠጅ እንደወደድሽ። የነጠላዋን ነገር ብዙዎቹ በኪሮሽ ይሰሩትና ይከብዳል፣ ትከሻዋ ላይ አይቀመጥም። ከፋርማሲ የቁስል ሻሽ ግዢ፣ ሳሳ ያለ ነው እንደ ነጠላ ይወድቃል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ባለቀለም ክር ሁለት ሶስት መስመር ጎትተሽ ጥለት አርጊበት፣ ዘርፉንም ክሩን መዘሽ ታወጪለታለሽ። መቀነት በሰንሰለት ብቻ ይሰራል።

የኔ ልጆች አንዷ ክርስቲያን አግብታለች አንዷ እስላም፣ ወሎ አይደለን፣ ስለዚህ ለአንደኛዋ ልጅ በገና አሻንጉሊቷን ባለነጠላ አረግሁላት፣ ለሌላዋ በኢድ ሂጃብ ያደረገች። አሁን ሁለቱ ልጆች ሲገናኙ ይለዋወጧቸዋል፣ ይቺ የያችን ትወስዳለች ያቺ የይቺን ትጠይቃለች። ሂጃቧ ከክብ ይጀመራል፣ ያ የሐይቋ ልጅ ያለችውን ስድስት አስራ ሁለት አስራ ስምንት እያሉ ጭንቅላቷን እስኪሸፍን አስፍቶ ከዛ መጨመር ማቆም ነው፣ ከፊቷ በኩል ያለውን ትቶ ከኋላ ብቻ እየተመላለሱ ወደ ትከሻዋ ማውረድ።

የጦሳ ስር፦

እማማ እድሜ ይስጥዎት፣ የቁስል ሻሹን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ ዛሬውኑ ነው የምገዛው። ልጄም የርስዎን አሻንጉሊት ብታይ እንደት ደስ ይላት! ሹሩባውን ግን በምን ይሰሩታል? ልጆች ይስቡታልና።

አንጋፋዋ የወሎ ሴት፦

ጥቁር ክር ነው ልጄ። ጸጉሩን ከጭንቅላቱ ስቲች ውስጥ አንድ በአንድ በኪሮሽ እየሳብሽ ቋጥሪው፣ ከዛ ሶስት ሶስት እያረግሽ ወደ ኋላ ጎንጉነሽ ጫፉን ከማጅራቷ ላይ መልሰሽ ስፊው። የተንጠለጠለ ነገር ከሌለ ልጅ የሚስበው የለም።

የወልድያው መምህር፦

ወልድያ ነኝ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ባለቤቴ ኪሮሽ ትሰራለች እኔ ደግሞ እጫወትባቸዋለሁ እና ከተጠቃሚው ወገን ልናገር። የጣት አሻንጉሊት በጣም አትሙሉት፣ ጭንቅላቱ ከከበደ ጣት ላይ ይዘነበላል። ለአዋቂ ጣት በሹራብ ክር 6 ከዛ 12 ብላችሁ ለወፍራም ጣት 14 አድርጋችሁ ሳትጨምሩ ወደ ታች አስር አስራ ሁለት ዙር ማውረድ በቂ ነው፣ ጭንቅላቱ የጣቱ ጫፍ ራሱ ይሁን፣ አፍንጫና ጆሮ ብቻ ጨምሩበት። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ጥልፉን አያይም፣ ቅርጹንና ቀለሙን ነው የሚያየው፣ ስለዚህ እያንዳንዱን እንስሳ የሚለይ አንድ ትልቅ ምልክት ስጡት።

አያ ጅቦን ብዙ ሰው ጆሮውን እንደ ውሻ አሹሎ ይሰራዋል፣ የኛ አገር ባለነጠብጣቡ ጅብ ጆሮው ክብ ነው፣ ሁለት ክብ ጆሮና ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ልጆቹ "አያ ጅቦ!" ብለው ይጮሃሉ ምንም ሳልናገር። እመት ጦጢት ፊቷ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው ነጭ ጸጉር ይሁንላት። እነዚህ ሁለቱ ካሉ ግማሹ ተረት አለቀ፣ አንዱ በግራ እጅ አንዷ በቀኝ፣ ጅቡ በወፍራም ድምጽ ጦጢት በቀጭን፣ ተረት ተረት ስል የላም በረት የሚለው ድምጽ ግቢውን ያናውጠዋል። ዝም የምትል አንዲት ልጅ ነበረች ለኔ መልስ የማትሰጥ፣ ለጦጢት ግን ትመልስ ነበር፣ ስንት እንቁላል አለ ሲባል ለጣቴ ነው የምትነግረው።

ከሁለቱ ቀጥሎ የኛኑ አውሬዎች ስሩልኝ እላለሁ። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ፣ አቡነ ዮሴፍም ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አሉ፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይገኙም፣ ቀይ ቀበሮ እንዲያውም በአገሪቱ ሙሉ ትልልቆቹ ተቆጥረው ከ500 አይበልጡም ነው የሚባለው። ልጆቻችን ግን የዋልታ ድብ መጫወቻ እንጂ የቀይ ቀበሮ አይተው አያውቁም። ለቀበሮው የሸክላ ቀለም ያለው ክር፣ ጉሮሮውና የእግሩ ውስጠኛው ክፍል ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁርና ጎፍላ፣ አፉ ቀጠን ረዘም ይበል። ጭላዳው ደረቱ ላይ ቀይ እራፊ የመሰለች ባዶ ቆዳ አለችው፣ እሷ ከሌለች ዝንጀሮ ነው የሚሉት። ጎፈሩን ባለቤቴ በሹራብ ክር አልሰራችውም፣ ከደጋ የመጣ የተፈተለ የበግ ጸጉር፣ ያው ባና የሚሰራበትን፣ ከገበያ ገዝታ ትከሻው ላይ ጎንጉና ጫፉን በጣቷ ፈታችው፣ ልክ ሳር ላይ ተቀምጦ ነፋስ የመታው ጭላዳ ነው የሚመስል። የበግ ጸጉር ግን በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ ተኮማትሮ ይጠነክራል።

እሙ ኢክራም፦

መምህር ማሻአላህ፣ ይሄንን ለኔም ልጆች እሰራዋለሁ ኢንሻአላህ። እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ ክር እኔ ደሴ ስመጣ ፒያሳና ሸዋ በር አካባቢ ያሉ የልብስ ስፌት እቃ ሱቆች ነው የማየው፣ ለበግ ጸጉር ሰኞ ገበያን ጠይቁ። ደግሞ አንድ ነገር፣ ቀለሙ ያለቀባችሁን ክር ዳግም ስትገዙ ያው ቀለም ቢመስልም ጎን ለጎን ሲሆን ይለያል፣ ለአንድ ስራ የሚበቃውን በአንዴ ግዙ፣ ማሸጊያው ላይ ያለው የቀለም ሎት ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ።

ባለሱቋ፦

ለመሸጥ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ቃል። የጣት አሻንጉሊት አንድ በአንድ አትሽጡ፣ ለአንድ ተረት የሚበቃውን አምስት እንስሳ በአንድ ከረጢት አርጋችሁ ለኬጂዎች ነው የሚሄደው። ክሩን ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ መዝኑት፣ ስንት ግራም እንደበላ ካወቃችሁ የክሩን ዋጋ ታውቃላችሁ፣ ከዛ የእጃችሁን ሰአት ጨምሩ። ሰአታችሁን ሳትቆጥሩ "ያው ቤት ቁጭ ብየ ነው" እያላችሁ በክሩ ዋጋ የምትሰጡ እህቶች እባካችሁ ተዉ፣ ለሁላችንም ነው ዋጋ የምታወርዱት፣ እጅ የሚሰራው ማሽን የማይሰራውን ነው። በእጅ የተሰራ ሹራብን የሚመስል የማሽን ስራ አለ፣ ኪሮሽን ግን እስካሁን ለገበያ የሚሰራ ማሽን የለም፣ ገበያ ላይ ያየሽው እውነተኛ ኪሮሽ ሁሉ የሰው እጅ ያለፈበት ነው።

የጦሳ ስር፦

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅሁም ነበር። አሻንጉሊቷን ለክቻታለሁ፣ በቀጭኑ የዳንቴል ክርና በ1.75 ኪሮሽ ቁራጭ ሰርቸ 10ሩ ስቲች ሶስት ሴንቲ ተኩል ነው የመጣልኝ፣ እሙ ኢክራም ባለችው ስሌት ወገቧ ከነመንቀሳቀሻው ለ10 ሴንቲ 29 ስቲች ሊሆን ነው ማለት ነው። ጅቡንም በ2.5 ጀምሬዋለሁ ቀዳዳው ጠፍቷል ቪዋም ወደ ውጭ ናት! አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ፣ ለጭላዳው ደረት የገዛሁት ቀይ ክር እጄን ትንሽ ቀላብኝ፣ ነጩ ቀሚስ ላይም ጥለቱን በሱ ልጠልፍ አስቤ ነበር። ምን ባረገው ይሻላል?

የሐይቅ ዳር፦

ስሌትሽ ልክ ነው 29 ነው። ቀዩን ነጩ ላይ ከማድረግሽ በፊት ነጭ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልለሽ ጫን ብለሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ጨርቁ ከቀላ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመሽ አጥቢው ውሃው እስኪጠራ። ጨርቁ ላይ እንደገና ሞክሪው። አሁንም ከለቀቀ ለቀሚሱ አይሆንም፣ ለጭላዳውም ትንሹ ልጅሽ አፉ ውስጥ የሚያደርገው ከሆነ ተይው፣ ቀለም የሚለቅ ክር ለሱ አትስጭው። ለቀሚሱ ዲኤምሲ ቀይ አንድ ጥቅል ግዢ፣ የጥልፍ ክር ስለሆነ ቀለሙን ይይዛል፣ ለአንድ አሻንጉሊት ጥለት ከበቂ በላይ ነው።